ከሰኔ በኋላ የመጡ ደብዳቤዎች

ለምለም ኦልጅራ መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች።

ዕለቱ ጥር ዐሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ንግሥ ነበር፤ ዘመኑ 1931። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መውጣት ሲጀምር፣ አንድ ጠጉሩ የሸበተ፣ የፊት ጥርሶቹ የረገፉ ሰው በሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

"የባላምባራስ ኦልጅራ ልጅ ነሽ አይደል?" አላት።

"ነኝ።"

"ተከስተ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከወንድምሽ ከደጋጋ ጋር እዚያ ሶማሌ አገር ባሕሩ ዳር ታስሬ ነበር። ከፈቱኝ ገና ሳምንቴ ነው።"

የለምለም ፊት በራ። ደጋጋን ጣልያኖች የወሰዱት የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በየካቲት፣ በዚያ የደም ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያየ ሰው ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሰውየውን ሁለት እጆች ያዘች።

"እንዴት ነው ጋሼ? ሳሉስ? ተሻለው?"

ሰውየው እጆቹን አልነጠቃትም። "ልጄ፣ እስካሁን አልነገሯችሁም እንዴ?" አላት።

"ምኑን?"

"ደጋጋ እኮ አርፏል። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን። የማርያም ዕለት።"

የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። "ኧረ ጋሼ፣ ሰው ተሳስቶብዎት ነው። በታኅሣሥ ደብዳቤ ጽፎልናል እኮ። በኅዳርም ጽፏል" አለችው።

ተከስተ አልተከራከራትም። ከመንገዱ ዳር ወስዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና በዝግታ ነገራት። የደጋጋ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ አልነበራትም፤ ልጅ ሳለ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ የቆረጣት ናት። ሌሎቹ ሲተኙ እሱ የእህቱን ጠባይ እያነሳ ያስቃቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደም መትፋት ጀመረ። "መገነዣ አልነበረንም" አለ ተከስተ። "ሁለት የዱቄት ጆንያ ተርትሬ በእጄ ሰፍቼ የገነዝኩት እኔ ነኝ። ቄስም አልነበረም። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን አሸዋ ውስጥ ቀበርነው።"

ስለ ጣቱ ሌላ ሰው ሊያውቅ አይችልም። ለምለም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። የነሐሴው ደብዳቤ። የመስከረሙ። የኅዳሩ። የታኅሣሡ። ከሰኔ በኋላ አራት ደብዳቤዎች። አራቱንም በእጁ ይዞ ቤታቸው ያመጣ፣ አራቱንም ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጦ ያነበበ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው የምትወደው ሰው ነው።

ተከስተ እንድታለቅስ ጠበቃት። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ተነሳች። እንባ አልመጣላትም። የመጣባት ንዴት ነበር፤ ወደዚያ ሰው ቤት የሚወስደውን ዳገት ተያያዘችው።

*

ገብረዋህድ የሰሜን ሰው ነው። ጣልያንኛውን አስመራ ከሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከወረራው በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የእስረኞች ደብዳቤ ከሚመረመርበት ክፍል በአስተርጓሚነት ገባ። እስረኞቹ በአማርኛ የሚጽፉትን ወደ ጣልያንኛ እየተረጎመ ለአለቃው ይሰጣል። አለቃው የማይወደውን ይሰርዛል። ዋናው ወረቀት እዚያው ይቀራል፤ ለዘመድ የሚሰጠው የተረፈውን አስተርጓሚው በአማርኛ በእጁ የገለበጠው ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘሪቱና ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ የደጋጋን የእጅ ጽሕፈት አይተው አያውቁም። የሚያውቁት የገብረዋህድን ነው።

በመጀመሪያ ሲመጣ ወይዘሮ ዘሪቱ በር ላይ አቁመው ነው ያነጋገሩት። ባላቸው ባላምባራስ ኦልጅራ በሰሜን ጦር ግንባር ወድቀዋል። ሰፊው ግቢያቸው ጣልያኖች ለሹሞቻቸው ቤት ሊሠሩበት ተወስዶባቸው፣ ከቂርቆስ በታች ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተጥለዋል። ልጃቸው ከተያዘ ጀምሮ ከአልጋ ብዙም አይነሱም ነበር። በዚህ ላይ ለጠላት አፍ የሆነ ሰው ደጃፋቸውን ሲረግጥ እንዴት ይወደድላቸው? ሆኖም በእጁ የልጃቸው ቃል ነበረ። በሁለተኛው ደብዳቤ መደብ ላይ አስቀመጡት። በሦስተኛው ውሃ አቀረቡለት። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ዘሪቱ ከአልጋቸው ይነሱ፣ ፊታቸውን ይታጠቡ፣ "ይቺን 'እናቴ ሆይ' የሚለውን ድገማት" ይሉት ጀመር።

ለምለም በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። እሱ ቀና ሲል ትሸሻለች፤ ሲያቀረቅር ታየዋለች። እሱም ማቀርቀሩን አበዛው። አንድ ቀን ስትሸኘው፣ "የወንድምሽን ደብዳቤ ሳነብ አንቺን ቀድሜ አወቅሁሽ" አላት። "ቁጡ መሆንሽን፣ ፈረስ መውደድሽን፣ ልጅ ሆነሽ ከቆጥ ወድቀሽ አለማልቀስሽን።" ያን ሳምንት ሙሉ ለምለም ሥራ አልያዝ ብሏት ነበር።

በመስከረም፣ ሽማግሌ እስኪልክ እንኳ አልጠበቀችም። ልታገባው መፈለጓን ለእናቷ ራሷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዘሪቱ ብዙ አሰቡና፣ "አባትሽ የለም። የቤቱ ራስ ወንድምሽ ነው። ጻፊለት፤ እሱ ይፍቀድ" አሏት። ጻፈች። ደብዳቤውንም ለገብረዋህድ ሰጠችው፤ ሌላ መንገድ የለማ። ሲቀበላት ፊቱ ነጥቶ እንደነበር ዛሬ ትዝ አላት።

የኅዳሩ ደብዳቤ ስለ ጥያቄው አንድም ቃል ሳያነሳ አለፈ። የታኅሣሡ ግን መልስ ይዞ መጣ። ገብረዋህድ ራሱ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ እንዲህ ሲል አነበበው፦ "እናቴ ሆይ፣ ለጠላት አፍ ለሆነ ሰው እህቴን አትስጪ።"

ለምለም ያን ቀን በወንድሟ ላይ የተነሳባት ቁጣ ቤት የሚያቃጥል ነበር። ወረቀት አንስታ መልስ ጻፈች። የጻፈችውን ስታስታውስ ዳገቱ መሃል ቆመችና ዓይኗን ጨፈነች።

*

ሰው ካዛንቺስ እያለ መጥራት የጀመረው ያ አዲስ ሰፈር በቀትር ፀጥ ብሎ ነበር። ሹሞቹ ምሳ በልተው ተኝተዋል። የአባቷ ግቢ ለሦስት ቪላ ተከፍሏል፤ አንዱ በረንዳ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። ለምለም ሌላ ጊዜ ስታልፍ አንገቷን ትሰብር ነበር። ዛሬ ቀና ብላ አለፈች። በር ላይ ያለው ዘበኛ "የይለፍ ወረቀት አለሽ?" ሲላት፣ "ለአስተርጓሚው ደብዳቤ ይዣለሁ" አለችው፤ ፊቷን አይቶ አሳለፋት።

ገብረዋህድ የሚኖረው ከቪላዎቹ ጀርባ፣ ለአገሬው ሠራተኞች በተሠራ ተርታ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ኮቱን አውልቆ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እጁን ይታጠባል። ሲያያት ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። እዚህ መጥታ አታውቅም።

"አቶ ገብረዋህድ" አለችው። "ወንድሜ መቼ ነው የሞተው?"

ካወቀችው ጀምሮ አንቱ ብላው አታውቅም። ውሃው ከእጁ እየተንጠባጠበ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"እሱን አይደለም የጠየቅሁት። ቀኑን ነው የጠየቅሁዎት።"

"ሰኔ ሃያ አንድ" አለ።

አንድ የቀራት ተስፋ ነበር፤ ምናልባት እሱም ሳያውቅ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሰው አታልሎት ይሆናል የሚል። ያም ተስፋ ወደቀ። ለምለም የበሩን መቃን ያዘች።

"እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?"

"እኔ ነኝ።"

"አራቱንም?"

"አራቱንም።"

"አርባው አለፈ" አለች። ድምፅዋ ገና ዝቅ እንዳለ ነው። "ሰማንያው አለፈ። መንፈቁም አለፈ። ወንድሜ እንደ ውሻ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ አንድ ቄስ ሳይፈታው፣ አንድ ሰው ነፍስ ይማር ሳይለው፣ እኛ ደህና ነው እያልን እንበላለን። እናቴ በመስቀል ዕለት ጠጉሯን ተሠራች። ታስታውሳለህ? ልጄ ደህና ነው ብላ። አንተ ደግሞ ከእግሯ ሥር ተቀምጠህ 'እናቴ ሆይ' ትላታለህ። በሞተ ልጇ አፍ!"

አንቱታው ከአፏ ጠፍቶ ነበር። ገብረዋህድ እጁን አደረቀ፤ ፎጣውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

"የሟቾች ዝርዝር ሲመጣ ለዘመድ የነገረ ይታሰራል ተባልን" አለ። "ይህን ምክንያት አላደርገውም። ቢሆንም ልነግራችሁ መጥቼ ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ። እናትሽ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ነው፣ በእግራቸው ቆመው፣ ፀሐይ እየሞቁ። 'ከልጄ ምን ይዘህልኝ መጣህ?' አሉኝና ሳቁ። አፌን ከፈትኩ። 'ደብዳቤው በቅርቡ ይደርሳል' አልኩ።"

"ስለዚህ ለእናቴ ብለህ ነው።"

"ለእሳቸው ብዬ ነው።"

ለምለም ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም። ጠበቀችው። እሱ ነው አንገቱን የደፋው።

"ለራሴም ብዬ ነው" አለ። "ደብዳቤው ከቀረ እኔም ቀረሁ። ምን ብዬ በራችሁን አንኳኳለሁ?"

"እሱን ነው የፈለግሁት። እሱን ከአፍህ ልሰማው ነው የመጣሁት።" ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች። "እንግዲህ ሌላውን ንገረኝ። በወንድሜ እጅ የፈለግኸውን መጻፍ ከቻልክ፣ 'አትስጡት' ብለህ ለምን ጻፍክ? 'ስጡት' ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?"

"'ስጡት' ብዬ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር" አለ ገብረዋህድ። "አንድ ወር አቃተኝ። ደጋጋን አይቼው አላውቅም፣ ግን ከራሱ ጽሕፈት ነው የማውቀው። ቢኖር ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። እሱ የሚለውን ጻፍኩ። በሞተ ሰው አፍ መዋሸቴ ሳያንስ በሞተ ሰው እጅ ሙሽራ አልወስድም ብዬ ነው።"

"ትልቅ ሰው ነህ" አለች ለምለም። "በጣም ትልቅ ሰው። እና እኔስ? እኔ ምን እንደማደርግ አላሰብክም? ቁጡ መሆኔን አውቃለሁ ብለኸኝ የለ? ከሞተ ወንድሜ ጋር አጣላኸኝ እኮ! የጻፍኩለትን አንብበኸዋል?"

"አንብቤዋለሁ።"

"ስጠኝ።"

አልጋው ሥር ካለች ቆርቆሮ ሣጥን አውጥቶ ሰጣት። የራሷ ጽሕፈት ነው፤ በንዴት የተጻፈ፣ ቀለሙ የተንጠባጠበ። ጮክ ብላ አነበበችው። "'አንተ ታስረህ እኔንም ማሰር አማረህ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም። ለኔ ሞተሃል።'" ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። "ለሞተ ሰው። ስድስት ወር ለሞተው ወንድሜ፣ ለኔ ሞተሃል ብዬ ጻፍኩለት። ይህን ያስጻፍከኝ አንተ ነህ። ይህን የት ወስጄ ልጣለው?"

ገብረዋህድ ከሣጥኑ ሌላ ወረቀት አወጣ፤ የተጨማደደ፣ በእርሳስ የተጻፈ።

"ይህን ከመሥሪያ ቤት ሰርቄ ነው ያወጣሁት" አለ። "ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የደረሰኝ። ካነበብሽው በኋላ ከዛሬም የባሰ እንደምትጠይኝ አውቃለሁ። ግን ያንቺ ነው።"

የወንድሟን የእጅ ጽሕፈት ካየች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ፊደሎቹ እንደ ዱሮው ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው።

"ይህን ደብዳቤ ለምትመረምረው ሰው። ስምህን አላውቅም። በአማርኛ የምታነብ ከሆንክ ያገሬ ሰው ነህ። ካሁን በፊት የጻፍኩትን ስትሰርዝ አልተቀየምኩህም፤ እንጀራህ ነው። አሁን ግን ደም እተፋለሁ፣ ክረምቱን የምሻገር አይመስለኝም። የሞትኩ እንደሆነ እናቴ ወይዘሮ ዘሪቱ ከቂርቆስ በታች ትገኛለች፤ ቀኑን ንገርልኝ። ተዝካሬን ታውጣ። በከንቱ ተስፋ አታስቀምጣት፣ ከሐዘን ይልቅ እሱ ይገድላታል። እህቴ ለምለም ትቆጣሃለች፤ ታገሣት። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የቤቱ ወንድ።"

ለምለም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስትጨርስ አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

"ለመነህ" አለች። "ሊሞት ሲል፣ ከዓለም ሰው ሁሉ አንተን ለመነህ። አንድ ነገር ብቻ።"

"አዎ።"

"አንተም እምቢ አልከው።"

"አዎ፣ ለምለም።"

ልትመታው እጇን አነሳች። እሱ ፊቱን አልመለሰም፤ እንዲያውም የጠበቀው ይመስል ነበር። እጇ በአየር ላይ እንዳለ ያን ፊት አየችው። ከሳምንት በፊት የምታየው ፊት ነው፤ ያንኑ የሚያቀረቅር፣ ያንኑ የሚደነግጥ ፊት። እጇን አወረደች። ከሁሉ የባሰ ያናደዳት ይህ ነበር፤ አሁንም፣ እዚህ ቆማ፣ ይህን ሰው መውደዷ።

*

ወይዘሮ ዘሪቱ ጥጥ ሲፈትሉ ደረሰችባቸው። ለምለም ነገር ማለዘብ አታውቅበትም። ከፊታቸው በርከክ ብላ ቀኑን፣ ጆንያውን፣ አሸዋውን፣ የደብዳቤዎቹን ነገር ነገረቻቸው። በእርሳስ የተጻፈውንም አነበበችላቸው። እንዝርቱ ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

"ሰኔ ሃያ አንድ" አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ። "ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ልጄን ጠብቂልኝ ብያታለሁ።" ለምለም ይወድቃሉ ብላ ክንዳቸውን ስትይዝ ግን እጇን ገፉት። "አልወድቅም። ማን ነው እወድቃለሁ ያለው? እሱ የታለ?"

ገብረዋህድ ሳይጠሩት መጥቶ ደጅ ቆሟል። ከካዛንቺስ ጀምሮ ከኋላዋ ሲከተላት ለምለም ዞር ብላ አላየችውም ነበር። ገባና መሬት ላይ ተንበረከከ።

"ተነስ" አሉት። "ቀና ብለህ እየኝ። እኔን ማን አደረግኸኝ? ሕፃን ነኝ?"

"እሜቴ..."

"ባሌን ጦር ሜዳ ቀብሬ ቆሜያለሁ። ቤቴን ወስደውብኝ ቆሜያለሁ። ዛሬ የማን በዓል ነው? ኢየሉጣ ልጇን ታቅፋ እሳት ውስጥ የገባች እናት አይደለችም? አንተ ግን ዘሪቱ አትችልም አልክ። ልጄን ጣልያን ወሰደብኝ። ሐዘኑን ግን የወሰድክብኝ አንተ ነህ። ሐዘኑ የኔ ነበር። የእናት ነው። ሰባት ወር በሐሰት አሳቅኸኝ፤ ያን ሳቅ አሁን ምን ላድርገው?"

አልጮኹም። ለምለም እናቷ እንዲህ ተቆጥተው ሰምታ አታውቅም፤ የራሷ ቁጣ ከማን እንደ መጣ ያን ቀን ገባት።

"ነገ ለቅሶ እቀመጣለሁ" አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ። "ሕዝቡ ይሰበሰባል። መርዶውን የምትናገረው አንተ ነህ። ከሰው ፊት ቆመህ፣ የሞተበትን ቀንና የደበቅኸውን ሁሉ። ያቺንም ደብዳቤ ታነባታለህ። ልጄ ለምኖሃል።"

"እማዬ!" አለች ለምለም። "ሰው በተሰበሰበበት? በማግሥቱ ይይዙታል እኮ።"

ከአፏ ሳታስበው ነው የወጣው። ወይዘሮ ዘሪቱ ልጃቸውን አዩዋት። ፍቅሩ ገና እንዳልለቀቃት ገባቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"እመጣለሁ፣ እሜቴ" አለ ገብረዋህድ።

ሲወጣ ለምለም መንገድ አልለቀቀችለትም፤ በጎን አልፏት ሄደ። ነገ እንዲመጣ ፈለገች። እንዳይመጣም ፈለገች። ሁለቱም እኩል አቃጠሏት።

*

መጣ። ያውም ረፋዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የመሥሪያ ቤቱን ኮትና ቆብ ትቶ ጋቢ ለብሶ ነበር። ግቢው ሞልቶ ሰው እስከ አጥሩ ውጭ ቆሟል። ወይዘሮ ዘሪቱ ጠጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለብሰው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ተከስተ ከአጠገባቸው ነው። አልቃሿ ዝም እንድትል በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

"ገብረዋህድ እባላለሁ" አለ። "የእስረኞችን ደብዳቤ ለጣልያን የምመረምር እኔ ነኝ። ደጋጋ ኦልጅራ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን በእስር ቤት ሞቷል። አውቄ ደበቅሁ። በስሙም አራት ደብዳቤ ጻፍኩ። የሞተው እሱ ብቻ አይደለም።" ከዚያም ሳይጠየቅ፣ በዝርዝሩ ላይ የነበሩትንና በቃሉ የያዛቸውን ሌሎች ስሞች ጠራ። ዐሥራ አንድ ስሞች። ስድስተኛው ላይ ከአጥሩ ዘንድ አንዲት ሴት ጮኸች። ዘጠነኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ባንዳ" አለ አንድ ሰው፣ ተፋበትም። ሌላው ዱላውን ጨብጦ ተነሳ።

"ተዉት" አሉ ወይዘሮ ዘሪቱ። "ገና አልጨረሰም።"

የደጋጋን ደብዳቤ አነበበ። "ከእኔ ይልቅ እሷ ናት የቤቱ ወንድ" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ለምለም ተነስታ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ያን መስመር ራሷ አነበበችው። ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሕዝቡ ያን አየ። እሷ ግን ማን ያየኛል የሚል ግድ አልነበራትም፤ ንዴቷ ከሰው ሐሜት በላይ ነበር።

ሲጨርሱ ተከስተ የገብረዋህድን ክንድ ያዘ። "ይህ ወሬ እስከ ቀትር መሥሪያ ቤትህ ይደርሳል" አለው። "በአቃቂ በኩል የሚያወጡ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ዱር ያሉትም ጣልያንኛ የሚያነብ ሰው አይጠሉም፤ መጀመሪያ ግን ይገርፉህ ይሆናል። አሁኑኑ ነው።"

ለምለም ከጓሮ አጥር ድረስ ተከተለቻቸው። ለምን እንደ ተከተለች ራሷም አታውቅም። ተከስተ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ገብረዋህድ ግንባሩ ላይ የደረቀውን ምራቅ አልጠረገም ነበር። ለምለም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ቀስ ብላ አይደለም፣ ሻካራ አድርጋ፣ ልጅ እንደሚጠረግ።

"ይቅር በይኝ አልልሽም" አላት።

"አትበል።"

"ከደረስኩበት ልጻፍልሽ?"

"አትጻፍልኝ።" ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት ነበር። "ካንተ የሚመጣ ወረቀት እሳት ነው የምጨምረው። በሕይወት ካለህ በእግርህ ና። ፊቴ ቁምና በራስህ ስም፣ በራስህ አፍ ተናገር። ያን ጊዜም አልምርህ ይሆናል። ገና ምኑን ተቆጣሁህ? ብዙ የምልህ አለኝ። ሰምተኸኝ ሳትጨርስ እንዳትሞት።"

ገብረዋህድ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀና በአጥሩ ቀዳዳ አጎንብሶ ወጣ። የተከስተ ጥቁር ጥላና የእሱ ነጭ ጋቢ ቁልቁለቱን እየወረዱ ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ጠፉ። ለምለም ሊዞር ይችላል ብላ ቆየች። አልዞረም። ባለመዞሩም ተናደደችበት።

ወደ ግቢው ተመልሳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ወይዘሮ ዘሪቱ ሳያዩዋት እጇን ወስደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አልቃሿ የደጋጋን ስም ከአባቱ ስም ጋር አንስታ ሙሾዋን ጀመረች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት።

"ወንድሜ" አለች ለምለም፣ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።"

ንዴቱ አልወጣላትም። ፍቅሩም አልወጣላትም። ሁለቱንም ደረቷ ላይ እንደ ያዘች አለቀሰች።